ሪባኑ ያልተቆረጠለት ሳጥን

ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ ውስጥ በሳምቡሳው ስሙ የወጣ አንድ ሻይ ቤት አለ። ስሙን ያወጣለት ምስሩ ሳይሆን ቃሪያው ነው። እዚህ ከተማ ሰው ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ካልበላ የበላ አይመስለውም፤ ስለዚህ የሻይ ቤቱ ባለቤት በእንባችን እየከበረ ነው። ባለፈው ሰሞን እዚያ የገባሁት ግን ለሳምቡሳው ብዬ አልነበረም። እህቴ ረሂማ ዓይኗን ልትታከም ከአንጋጫ መጥታ፣ ምራቷ ሐኪም ቤት አድርሳት፣ ከዚያ በባጃጅ እኔ ወዳለሁበት ሊመጡ ተቀጣጥረን ነው። ሻይ አዘዝኩ። መጽሐፌን አውጥቼ ፊት ለፊቴ ገለጥኩ፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ማንም አያናግረውም ብዬ። ተሳስቻለሁ።

"አባባ፣ ይቺ ወንበር ሰው አላት?" አለ አንድ ድምፅ።

አባባ ያለው ማንን እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው።

ሦስት ጡረተኞች ነበሩ፤ "አባባ" ያለኝ ሰውዬ ራሱ በከዘራ ነው የቆመው። አጠገቤ ያለውን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡና የጡረተኛ ሥራቸውን ጀመሩ፤ ዘመንን ከዘመን ማወዳደር። መጀመሪያ መንገዱን ሰደቡ፣ ቀጥሎ ወጣቱን፣ ቀጥሎ የዛሬ ቅቤ ሙዝ ይገባበታል አሉ። በመጨረሻ ባለከዘራው ወደ ባንኮኒው ጠቆመ።

"ያንን ሳጥን እዩት እስቲ። የጃንሆይ ጊዜ ዕቃ ነው። ብረቱን አያችሁት?"

"መስታወቱስ! ይኸው አንድ ጭረት የለበትም።"

"ያኔ ዕቃውም ሰውም ጽኑ ነበር።"

ወጣቱ ባለቤት ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ምስጋናው ለእሱ የተሰጠ ያህል ፈገግ አለ። "ሙቀት ይይዛል ጋሼ። አምፖል ከሥሩ አስገብቼበታለሁ። ጧት የገባ ሳምቡሳ እስኪመሽ አይበርድም።"

ቀና ብዬ አየሁ። አራት ቀጫጭን እግሮች፤ በፊት ነጭ የነበረ፣ አሁን የበሰበሰ ጥርስ የሚመስል ቢጫ ቀለም። አራት ማዕዘን መስታወት። ከፊት ለፊቱ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች፤ አንዱ በፕላስቲክ ሳህን ተደፍኗል፣ በሌላው ባለቤቱ መቆንጠጫ እያስገባ ሳምቡሳ ያወጣል። መጽሐፌን ከደንኩት። ሳጥኑን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ረሂማ ሳትደርስ ከዚህ ቤት መውጣት ነበር። ስልክ ደወልኩ፤ ምራቷ አላነሳችም።

ትዝታ የሚባለው ነገር ያቅለሸልሸኛል። ይህን የምለው ትዝታ የሌለኝ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ከእነዚያ ጡረተኞች የበለጠ አለኝ፤ ዋጋውንም ቢሆን ከእነሱ በላይ አስታውሳለሁ። ያኔ እኔ ሆሳዕና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመደብኩ ለጋ አስተማሪ ነበርኩ። ዶሮ በስሙኒ ይሸጥ ነበር። ከገበያው በላይ ባሕር ዛፎቹ ሥር የሀዲያ ሴቶች ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ ገዢ በጣቱ ጫፍ ቀምሶ፣ በጣቱ ጫፍ ግንባሩን ቀብቶ፣ አይጥመኝም ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መሐል ከተማ ደርሶ ሲመለስ ሳይገዛ ጸጉሩን ተቀብቶ የሚገባ ሰው አውቃለሁ። የመጀመሪያ ደመወዜን ያጠፋሁት ቴትሮን ሱሪ አሰፍቼ ነው፤ ሰፊው የጉራጌዎቹ ሱቆች በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ፣ ከጎኑ የተሰቀለው ሬዲዮ ስለ አንዲት ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ሲዘፍን፣ እሱ በእግሩ ምቱን እየጠበቀ ይሰፋ ነበር። በዚህ ምክንያት ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱ ይሳሳል። የሱሪዬ ግራ እግር በፈጣን ዘፈን የተሰፋ ስለነበር ቶሎ ተተረተረ። ክረምት ሲሆን እርጥብ ካኪ፣ የኩራዝ ጭስ፣ የቆጮ ሽታ፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭነው ጭቃ ውስጥ ሲዳክሩ የከረሙ የፊያት መኪናዎች የተቃጠለ ዘይት፤ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ እስከ ዛሬ አንዳንድ ጧት አፍንጫዬ ሥር ይመጣል። ያምራል። አልክድም። ችግሩ፣ ትዝታ እንደዚያ ቅቤ ቀማሽ ነው፤ የሚጥመውን በጣቱ ጫፍ ቀምሶ፣ ግንባሩን ቀብቶ፣ ሳይከፍል ይሄዳል። እኔ ደግሞ ስለዚያ ሳጥን የተከፈለውን እነግራችኋለሁ።

በአንድ ክረምት ማብቂያ ጃንሆይ ሆሳዕናን ሊጎበኙ ነው ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ግን በማግስቱ ከተማው ኖራ መቀባት ጀመረ። ግድግዳ ተቀባ። አጥር ተቀባ። በመንገዱ ዳር ድንጋይ ተለቅሞ ተደርድሮ ተቀባ። የባሕር ዛፎቹ ግንድ እስከ ወገባቸው ተቀባ፤ ከሩቅ ሲታዩ ነጭ ካልሲ ያደረጉ ዘበኞች ይመስላሉ። አንድ አህያ የተቀባ አጥር ተጠግታ ጎኗን ብታሻሽ ባለቤቷ ታሰረ። እኔም ድርሻዬ ደርሶኝ ልጆቹን የአቀባበል መዝሙር አስጠና ነበር። ቤታቸው ሀዲይኛ ብቻ የሚናገሩ ልጆች ናቸው፤ "ፀሐያችን" እና "ጥላችን" ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት ሊሆኑ እንደቻሉ አንድ ልጅ ጠይቆኝ፣ ዝም ብለህ ዘምር አልኩት።

ለጉብኝቱ አንድ የሚመረቅ ነገር ያስፈልግ ነበር። በዚያን ዘመን ንጉሠ ነገሥት ዝም ብሎ አይመጣም፤ ሊመርቅ ነው የሚመጣው። የሚመረቅ ድልድይ አልነበረንም። ትምህርት ቤቱ ጣሪያው ያፈሳል። በኋላ ከአዲስ አበባ ለጤና ጣቢያው አንድ ዕርዳታ ተላከ፤ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን የሚሞቅበት የመስታወት ሳጥን። በአውራጃው እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ከአዲስ አበባ የጫነውም የእህቴ የረሂማ ባል ኑሪ ነው፤ በፊያቱ። ጭድ አንጥፎ፣ በሁለት ፍራሽ አጅቦ፣ ጭቃ ላይ ሲደርስ ወርዶ መንገዱን በእግሩ እየሞከረ ነው ያመጣው። "እንቁላል ጭኜ እንኳ እንደዚህ አልነዳሁም" ይለን ነበር ሲመለስ። በሆሳዕና ዋና መንገድ ሲያልፍ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ።

ሳጥኑ ጤና ጣቢያው አዲስ በተቀባ ክፍል ገባ። በሩ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ተወጠረ። በሩ ተቆለፈ። ቁልፉም የአውራጃው ገዥ ግቢ ሄደ። ጃንሆይ ሳይመርቁት የሚነካው እንዳይኖር።

ያን ሰሞን ረሂማ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናታችን ቤት መጥታ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ጊዜው ገና ነበር። በአንድ ከሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ምጥ መጣ፤ ከመምሸቱ በፊትም ልጁ ተወለደ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ሴቶች ሞልተውት በሹክሹክታ ያወራሉ። እናቴ አሳየችኝ። ልጁ በባዘቶ ተጠቅልሏል፤ ከባዘቶው የሚታየው ፊቱ ብቻ ነው፤ የሽማግሌ ፊት፣ የተጨማደደ፣ አንድ ነገር ቅር ያሰኘው። ቆዳው ከሥሩ ያለው ደም እስኪታይ ስስ ነው። አለቀሰ፤ ድምፁ ድመት በሩቅ ስትጮህ ያህል ነው።

"የሰባት ወር ነው" አለች እናቴ። "የሰባት ወር ያድጋል። የማያድገው የስምንት ነው።"

ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን አባባል በኋላ በየሄድኩበት ሰምቼዋለሁ፤ ስምንት ወር በእናቱ ሆድ የቆየ ልጅ ከሰባቱ ይልቅ ለምን እንደሚሞት የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ዛሬ ዛሬ የተማሩ ሰዎች ተነሥተው የእናቶቻችን ጥበብ፣ የቅቤውና የምድጃው ዘዴ እያሉ ሲያሞካሹ እሰማለሁ። እናቴ ልጁን ቅቤ ቀባችው፣ የእንሰት ቅጠል በእሳት አሙቃ አነጠፈችለት፣ ከምድጃው አጠገብ አስተኛችው። ቤቱ ጭስ ነው። ልጁ ሲያስለው ሳል እንኳ አይወጣውም፤ አፉን ይከፍታል እንጂ። ጥበብ ሳይሆን ሌላ የሌለው ሰው የሚያደርገው ነገር ነበር።

በማግስቱ ረሂማ ልጁን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ኑሪና እኔ ጋቢ ወጥረን ከዝናብ እየጋረድናት ጤና ጣቢያ ሄድን። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ፍስሐ የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነው፤ ሰው ግን ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አይከለክልም። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ደጋግሜ የምለው ታሪኩ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው ስለሌለ ነው፤ በጣም የሚያስጠላኝም እሱ ነው። የልጁን ባዘቶ ገልጦ አየው፣ ደረቱን አዳመጠ፣ እግሩን በጣቱ ነካ፤ ፊቱ ጠቆረ።

"ቀዝቅዟል" አለ። "ይህ ልጅ ሌላ ሕመም የለበትም። ያለ ቀኑ መጥቶ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቢገባ ይተርፋል።"

"እናስገባዋ!" አለ ኑሪ። "እኔ አይደለሁ ያመጣሁት?"

አቶ ፍስሐ በኮሪደሩ ወሰደን። በሩ ላይ ሪባኑ ተወጥሯል፤ ከጎኑ ግን ትንሽ መስኮት አለች። በዚያች መስኮት ሳጥኑን አሳየን። ለሚመጣው ጉብኝት ገለጻ ስላጠና አፉ ሳያስበው ገለጻውን ጀመረ፤ "ሙቀቱ ከታች ይነሣል፤ አየሩ በዚህ ይገባል፤ እናት በእነዚህ በሁለቱ ቀዳዳዎች እጇን አስገብታ ልጇን ትዳብሳለች፣ ብርድ ሳይነካው..." ረሂማ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታያለች። ሳጥኑ ባዶ አልነበረም። ለምርቃቱ እንዲያምር፣ ወርቃማ ጸጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላት የላስቲክ አሻንጉሊት በነጭ አንሶላ ተሸፍና ተኝታበታለች።

"እሷ ምን ሆና ነው?" አለች ረሂማ።

አቶ ፍስሐ ቀስ ብሎ፣ "ቁልፉ ገዥው ግቢ ነው፤ ፊታውራሪ ዘንድ። ሪባኑ ከተቆረጠ እጄ አብሮ ይቆረጣል፤ ልጆች አሉኝ። ቁልፉን ካመጣችሁ ግን በሕይወቴ እምላለሁ፣ ሌት ተቀን አጠገቡ እተኛለሁ" አለ።

ሌላ መንገድ ያልፈለግን እንዳይመስላችሁ። ሆስፒታል ማለት አዲስ አበባ ነው። መንገዱ በክረምቱ ተቆርጦ የኑሪ ፊያት ራሱ ከከተማው መውጣት አልቻለም። ሊያልፍ የሚችለው የጤና ጣቢያው ላንድሮቨር ብቻ ነበር፤ እሱም ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባንዲራ ተሰክቶለት፣ ለአጀቡ ቆሟል፤ ጭቃ እንዳይነካው በሸራ ተሸፍኗል። ደግሞ ሳጥኑ መብራት ይፈልጋል፣ ከተማው የሚበራው በምሽት ብቻ ነው ተባለ። ልጁን ይዘን ቤት ከተመለስን በኋላ ይህን ሰምቶ የመጣው ወፍጮ ቤት ያለው አቶ ወልዴ ነበር፤ ጉራጌ ነው፣ ምላሱ እንደ ወፍጮው ያለ ማቋረጥ የሚፈጭ፣ አባታችንን ከልጅነቱ የሚያውቅ።

"መብራት ነው የቸገራችሁ?" አለ። "የእኔ ሞተር ጤና ጣቢያው አጥር ሥር አይደል እንዴ! ሽቦው ከእኔ፣ ናፍጣው ከእኔ። ሕዝቡ ለአንድ ሳምንት ጥሬውን ይቆርጥም፣ ጥርስ አለው። ሳጥኑን ብቻ ክፈቱልኝ።"

"ሪባን አለበት ጋሽ ወልዴ" አልኩት። "ጃንሆይ ካልመረቁት አይከፈትም።"

"ምን? ጃንሆይ ሊተኙበት ነው እንዴ?"

ኑሪ ደንግጦ በሩን ዘጋ። አቶ ወልዴ ግን በዚያው ቀን ሽቦውን ከወፍጮው እስከ ክፍሉ መስኮት ድረስ በባሕር ዛፍ ላይ እያንጠለጠለ ዘረጋው። መብራቱ እዚያ ደረሰ። ሐኪሙ እዚያ ነው። ሳጥኑ እዚያ ነው። ልጁን እዚያ ማድረስ የአፍታ ነው። የቀረው ሁለት ክንድ የማይሞላ ጨርቅ ነበር።

ወደ ገዥው ግቢ እኔ ሄድኩ፤ አማርኛ የምችል፣ ቴትሮን ሱሪ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ። ደጅ ጠናሁ። ደጅ መጥናትን ያላየ ሰው ወረፋ ይመስለው ይሆናል፤ አይደለም። ወረፋ መጨረሻ አለው። ደጅ ጠኚ ግን ጌታው ሲወጣ ዓይኑ ውስጥ እንዲገባ፣ ግን ዓይኑን እንዳይወጋው፣ አጥሩ ሥር በልክ ቆሞ ይጠብቃል። ፊታውራሪ ወጥተው ከእንሰት ቅጠልና ከባሕር ዛፍ የሚሠራውን ቅስት ሲያሠሩ ዋሉ፤ "ከፍ አርገው፣ የመኪናውን ባንዲራ እንዳይነካ" እያሉ። በመጨረሻ አዩኝ፤ ተጠራሁ፤ እጅ ነሣሁ፤ ነገርኳቸው።

ያዘኑት ማዘን እውነተኛ ነበር። አንገታቸውን ደፉ። "አይ ልጅ! የበኩር ነው?" አሉ። "የእህትህ ነው? እናቱስ በርትታለች?" ቆይተው ፊታቸው በራ። ያ ሲበራ ያየሁት ፊት እስከ ዛሬ ይመጣብኛል።

"ስማ አስተማሪ። እግዜር ነው የላከው ይህን ልጅ! እኛ አሻንጉሊት አስተኝተን ነበር እኮ። ጃንሆይ ሪባኑን ቆርጠው ሲገቡ፣ በገዛ እጃቸው የአገሩን ልጅ ሳጥኑ ውስጥ ያስተኙታል። የሕፃናት አባት አይደሉም? ፎቶግራፍ ይነሣል! ስሙ ማን ነው?"

"ገና አልወጣለትም ጌታዬ።"

"እሰይ! እንዳታወጡለት። እሳቸው ያወጡለታል።"

"ጌታዬ፣ ልጁ እየቀዘቀዘ ነው። ጃንሆይ መቼ..."

"በቅርቡ ነው፣ በቅርቡ። እስከዚያ አቆዩት" አሉኝ። ለእናትየው ሙክት በግ እንዲላክ አዘዙ። ወጣሁ፤ በጉ ከኋላዬ እየተጎተተ ይከተለኛል።

አሁን የሚመጣውን ብታምኑም ባታምኑም፣ ቤት ስደርስ ዜናው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። እልል ተባለ። ሰፈርተኛው "እንኳን ደስ አላችሁ" ሊል ይጎርፋል። የጃንሆይ የክርስትና ልጅ ሊሆን ነው ያለ ሰው ነበር፤ ቤተሰቡ ሙስሊም መሆኑን የሚያውቅ ጎረቤት ነው ይህን ያለው። ያ ዘፈን እየሰማ የሚሰፋው ሰፊ ከሐር ቁራጭ ለልጁ ቀሚስ ሰፍቶ አመጣ፤ ልጁን ሳያየው ስለሰፋው ለሦስት እንደዚያ ያለ ልጅ ይበቃ ነበር። ኑሪ ፊያቱን አጠበው፤ እሱም በአጀቡ ኋላ እንዲነዳ ተፈቅዶለታል። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ሳጥኑን እሱ አመጣው፣ ልጁ የመጀመሪያው ይሆናል፤ አላህና መንግሥት ተመካክረው ቤቱን የጎበኙት መሰለው። በጉ ታረደ። ሥጋው እየተበላ፣ ረሂማ ጥግ ላይ ልጁን ደረቷ ውስጥ አድርጋ፣ በነጠላ ላይ ነጠላ ደርባ ተቀምጣለች።

"ረሂማ፣ አንቺ ዕድለኛ፣ ምነው ዘጋሽን?" አለቻት አንዲት ሴት።

"እስከዚያ ማን ያሙቀው?" አለች ረሂማ።

"አንቺ አለሽለት!"

"እኔ ራሴ ብርድ ብርድ እያለኝ ነው።"

ሴትየዋ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። አራስ ትነጫነጫለች ተባለ።

ጉብኝቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው ተባለ። ከዚያ ለሚቀጥለው። ቅስቱ ጠወለገና በአዲስ ቅጠል ታደሰ። ረሂማ ሳትተኛ ልጁን ደረቷ ላይ ይዛ ትከርማለች፤ ወተቷን አልባ በጥጥ ከንፈሩ ላይ ታንጠባጥባለች፤ ሊውጥ ይሞክራል፣ ይደክመዋል። አቶ ፍስሐ በየቀኑ ይመጣና ያዳምጠዋል፤ ሲወጣ ዓይኑን መሬት ላይ ያደርጋል። አቶ ወልዴ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ምናልባት ዛሬ ይከፍቱት ይሆናል ብሎ፣ ሽቦውን እየሄደ ይመለከታል። ሽቦው ላይ ወፎች ይሰፍሩ ጀመር።

ልጁ የሞተው አንድ ጧት ነው፣ እኔ ሜዳው ላይ መዝሙር ሳስጠና። ፀሐያችን፣ ጥላችን። እቤት ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ በራፉ ላይ ቆመዋል። ሊቀብሩት የመጡት ሼህ ሰላት ከመስገዳቸው በፊት እንደ ደንቡ ጠየቁ፤ "የልጁ ስም ማነው?"

ኑሪ እግሩን አየ። "ስም... ጃንሆይ ሊያወጡለት ነበር፤ ለዚያ ብለን አቆየነው" አለ።

ሼሁ አልገባቸውም። "ስም አላወጣችሁለትም? ይህን ያህል ቀን ኖሮ?"

ከመጋረጃው ጀርባ የረሂማ ድምፅ መጣ፤ ልቅሶ የለበትም። "ሀሰን ነው። ከተወለደ ጀምሮ ሀሰን ነው። እኔ ስጠራው ነው የከረምኩት።"

በሀሰንነቱ ተቀበረ። የሐር ቀሚሱን ሰፊው መጥቶ ወሰደው። ጃንሆይ አልመጡም፤ መንገዱ ተበላሽቷል ተብሎ ጉዞው በሌላ በኩል ሆነ። ቅስቱ ደርቆ አህዮች በሉት። ሪባኑ ግን አልተፈታም፤ የሚፈታው እንዲፈታ ስላልታዘዘ። ለብዙ ጊዜ እዚያው ተወጥሮ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ነጭ ሆነ። ኑሪና ረሂማ ወደ አንጋጫ ሄዱ፤ ሌሎች ልጆች ወለዱ፤ ኑሪ እስኪሞት ድረስ ጭነቱ ላይ መስታወት ያለበትን ዕቃ አልቀበልም ይል ነበር፤ ምክንያቱን የሚጠይቀው ግን አልነበረም።

ዘመኑ ሲለወጥ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ ልበል። አዲሶቹ ሰዎች በሩን ሰበሩት። እሰይ አልን። ሳጥኑን አውጥተው፣ አሻንጉሊቷን እንዳለች፣ የድሮውን ሥርዓት ግፍ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ላይ አቆሙት። አጠገቡ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ነበረበት። በዚያም ዓመት አውራጃው ውስጥ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆች አልጠፉም መቼም። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ በዕቃ ክምር ውስጥ፣ በሐራጅ፣ በቆርቆሮ ገዢ እጅ እየተንከባለለ ይኸው ጎፈር ሜዳ ደርሷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራለትን ሥራ የሠራው እዚህ ነው፤ አንድ ነገር አሞቀ።

ጡረተኞቹ አሁንም ያመሰግኑታል። አላስቻለኝም፤ ዞር ብዬ ነገርኳቸው፤ እዚህ ለእናንተ ከጻፍኩት ባጠረ ቃል። ባለከዘራው፣ "አዬ!" አለ፤ "ይህ እኮ የበታቾቹ ሥራ ነው። ጃንሆይ ቢያውቁ ኖሮ..."

ይህችን አባባል በሦስት መንግሥት ሰምቻታለሁ። ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው። ላዩ ላይ ያለው ሰው ምንጊዜም አያውቅም፤ ሥሩ ያለው ሰው ምንጊዜም አይችልም፤ መሐል ያለው ደግሞ በግ ይልካል። ይህን ልለው አፌን ስከፍት በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ።

ረሂማ ወረደች፤ አንድ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፣ ምራቷ ክንዷን ይዛታለች። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። "ሌላ ቤት እንሂድ፤ እዚህ ጭስ ነው፣ ለዓይንሽ አይሆንም" አልኳት።

"ምን ጭስ አለ? ደክሞኛል ሸምሱ፣ ልቀመጥ" አለች። ጥቂት ተራመደችና ባንኮኒው ፊት ስትደርስ ቆመች። በአንድ ዓይኗ አየችው። ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ክብ ቀዳዳዎቹ ላይ ቆየች።

"ይህ ያ ነው?" አለችኝ።

"ነው።"

ጡረተኞቹ ማን እንደሆነች ገባቸው መሰለኝ፤ ባለከዘራው ባርኔጣውን አወለቀ። ባለቤቱ ግን ምንም አልገባውም፤ መቆንጠጫውን አንሥቶ፣ "እማማ፣ ስንት ላውጣልዎት?" አለ።

"እጄን ላስገባ ልጄ?"

"ትኩስ ነው እማማ፣ ዘይት አለው፤ እኔ ላውጣልዎት።"

"ግድ የለም።"

የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ መለሰች። እጅጌዋን ሰበሰበች። እጇን በክቡ ቀዳዳ እስከ ክርኗ አስገባች፤ በሳምቡሳዎቹ መካከል፣ ምንም ሳታነሣ፣ መዳፏን ዘርግታ አሳረፈችው። ጣቶቿ አንድ ነገር እንደሚዳብሱ ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ።

"ይሞቃል" አለች።

እጇን አላወጣችም። ባለቤቱ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ስንት እንደምትፈልግ እስክትነግረው ይጠብቃል።